ድንኳኑን ያስወጣሁበት ቤት

አሶሳ ውስጥ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ የሚሠሩበትን የመጀመሪያውን ቤት የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ‹‹እኔ ነኝ›› ቢላችሁ አትመኑት። ከእኔ በፊት እንዲህ ያለ ቤት አልነበረም፤ ከእኔ በኋላ የከፈቱትም እኔን አይተው ነው፤ እነሱም ዘግተዋል። የእኔ አልተዘጋም። እንዳይዘጋ ስል ምን እንዳጣሁ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ ጎረምሳ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ውስጥ የቆየሁት ፊደል እስክቆጥር ነው። የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ሬዲዮ ጥገና የተማርኩት የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከወፍጮ ሞተር ጋር ከመጣ መመሪያ ላይ ነው፤ በዚህ የተነሳ ስለ ቅባትና ስለ ቺንጊያ በእንግሊዝኛ ስናገር እዚህ ከተማ የሚስተካከለኝ የለም። ስለ ሌላ ነገር ከሆነ ዝም እላለሁ። ኤሌክትሪክ የተማርኩት ደጋግሞ ይዞኝ ነው። ኮምፒውተር የነካሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ሲሆን፣ አንድም ልጄን ‹‹ይህ ምንድን ነው?›› ብዬ አልጠየቅኩም።

ቤቱ የራሴ ወፍጮ ቤት ነበር። የኤሌክትሪክ ወፍጮ በየሰፈሩ ሲተከል የእኔ የናፍጣ ወፍጮ ሥራ ፈታ፤ ሞተሩን ለአንድ የባምባሲ ሰው ሸጥኩት። ቤቱ ባዶውን ቀረ ይባል ነበር እንጂ ባዶ አልነበረም። የእድራችን ዕቃ ሁሉ እዚያ ነበር የሚቀመጠው፤ ድንኳኑ፣ የድንኳኑ ብረቶች፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ድስቶች፣ ቃሬዛው። ያን እድር ያቋቋምነው ከወሎ በአንድ መኪና የመጣን ሰዎች ነን። ቦታ ያለው እኔ ነበርኩና ዕቃው እኔ ጋ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ የወፍጮ ቤቴ ግማሽ የሞት ዕቃ ቤት ሆኖ ኖረ።

አንድ በጋ ከሰዓት በኋላ ጭማቂ ቤት ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ አንዲት ወጣት ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጽፋለች። የጭማቂ ቤቱ ባለቤት መጥቶ በላይዋ ቆመ።

‹‹እህቴ፣ ሌላ የምታዢው ነገር አለ?››

‹‹ጠጥቻለሁ።››

‹‹ጠዋት የጠጣሽው ነው እኮ። ይሄ ቢሮ አይደለም። ደንበኛ ቆሟል።››

ልጅቱ ገመዷን መጠቅለል ጀመረች። እኔ ግን ዝም ማለት አይሆንልኝም።

‹‹ምንድን ነው የምትሠሪው?›› አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ‹‹አባ፣ አንተ ምን አገባህ?›› አለች።

አነጋገሯን ወደድኩት። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ ‹‹አንተ›› ስትለኝ ንቀት የለበትም። እንዳገባኝ አስረዳኋትና ተናገረች። ተርጓሚ ናት። ሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ ያሉት የእርዳታ ድርጅቶች የሚልኩላትን ጽሑፍ ከዓረብኛና ከበርታ ወደ አማርኛ ትመልሳለች።

‹‹ታዲያ ለምን ቤትሽ አትሠሪም?››

‹‹ቤት?›› ሳቀች። ‹‹ቤት ውስጥ ከሆንኩ ሥራ ፈት ነኝ። ውሃ አምጪ ይላሉ፣ ልጅ ያዢ ይላሉ። ቁጭ ብሎ መጻፍ ለነሱ ሥራ አይደለም። ከቤት ወጥቼ ከሄድኩ ግን ሥራ ሄደች ይላሉ።››

ይህን ስትል ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሥራ ያላት ልጅ ሥራ ያላት መሆኗ እንዲታወቅላት የምትሄድበት በር ያስፈልጋታል። እኔ ደግሞ በር አለኝ።

‹‹ነገ ጠዋት ነይ፤ ጠረጴዛ አለኝ›› አልኳት። ጠረጴዛ አልነበረኝም። ከጭማቂ ቤቱ ወጥቼ የወፍጮውን የእንጨት መድረክ ፈታሁና ሠራሁት። ዛሬም አይነቃነቅም።

እሷ ጓደኛዋን አመጣች፤ ጓደኛዋ ደግሞ ሌላ አመጣች። የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ የሺናሻ ልጅ መጣ፤ መተከል ነገር ሲበላሽ እናቱን ይዞ ወደ አሶሳ የመጣ ነው። ሰው ሲበዛ ድንኳኑና ድስቱ መተላለፊያ አሳጡን። ንድፍ ሠሪው ወረቀቱን ቃሬዛው ላይ ዘርግቶ ሲያሰምር ያየሁ ዕለት፣ የእድሩን ሰብሳቢ ልጠራ ሄድኩ።

ሰብሳቢው እኩያዬ ነው። ከወሎ ስንመጣ መኪናው ላይ ጎን ለጎን ነበርን፤ አብረን ነው ያስመለሰን። ‹‹ዕቃውን አንሡልኝ፤ ቤቱን ለሥራ ፈልጌዋለሁ›› አልኩት።

‹‹ለምን ሥራ?››

‹‹ሰዎች ይቀመጡበታል።››

‹‹ተቀምጠው ምን ያደርጋሉ?››

‹‹ይሠራሉ።››

‹‹ተቀምጠው?›› ብሎ ከልቡ ሳቀ። ‹‹አንተ ሰውዬ፣ እርጅናው ከጭንቅላት ነው የጀመረህ?››

እስኪያነሱት ጠበቅኩ፤ አላነሱም። ሁለተኛ ነገርኩት፤ ሁለተኛ ሳቀ። ስለዚህ የአህያ ጋሪ ተከራየሁና ዕቃውን በሙሉ ወስጄ እሱው ግቢ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ደረደርኩለት። በሥርዓት ነው የደረደርኩት፤ ሸራም አልብሼዋለሁ። እሱ ግን በየሄደበት ‹‹የሙታን ድንኳን ሜዳ ላይ ጣለ›› እያለ አወራ። ያን ጊዜ የእድሩ ኮሚቴ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ወፍጮ ሲያጓራብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማስጠንቀቂያ ድምፅ አይሰማኝም።

ስለ መብራት አንድ ነገር ልበል። ታላቁ ግድብ እኛው ክልል ውስጥ ነው፤ ከማንኩሽ ወዲያ። አሶሳ ግን መብራት ሲጠፋ ሻማ እንፈልጋለን። እኔ አልፈለግኩም። ከጣሪያዬ ላይ ሶላር ሰቀልኩ፤ ባትሪዎቹን ራሴ አገናኘሁ፤ አንድ ኤሌክትሪሻን አይቶ ‹‹ይህ በየትኛውም መጽሐፍ የለም›› አለኝ። ‹‹መጽሐፍህን አስተካክል›› አልኩት። ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም የእኔ ቤት መስኮት ይበራል።

ይህን የሰሙ ሰዎች መጡ። ከአዲስ አበባም አንድ ባለሙያ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ቤቴን ሊያይ ገባ። ዞሮ ዞሮ አየና ‹‹ይህ እኮ ኮወርኪንግ ነው፤ የጋራ ቢሮ! ሐሳቡን ከየት አገኙት?›› አለኝ።

‹‹ከጭማቂ ቤት›› አልኩት።

ቢሮው ውስጥ እንዳለ ሁሉ መከረኝ፦ በሰዓት አስከፍሉ፣ ካርድ ስጡ፣ ጸጥታ ይኑር። በሰዓት ማስከፈሉን ሞከርኩት። ሰዉ መቅረት ጀመረ። ንድፍ ሠሪውን ለምን እንደቀረ ብጠይቀው ‹‹ጋሼ፣ ባጃጅ ላይ ካልሆነ በቀር ለመቀመጥ ከፍዬ አላውቅም›› አለኝ። ሌሎቹም ልባቸው ያው ነበር። በሬ ላይ ቆመው ሰዓት ያያሉ፤ ከዚያ ወደ ጭማቂ ቤት ይሄዳሉ።

እኔ ግን ወፍጮ ቤት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የዚህን ከተማ ሰው በእህሉ አውቀዋለሁ። ለወንበር አልከፍልም የሚለው ይኸው ሰው የእድር መዋጮውን አንድ ወር አያሳልፍም። ልጁ ቢታመም ይከፍላል፤ ሥራ ቢፈታም ተበድሮ ይከፍላል። ‹‹በዚህ ወር ማንም አልሞተም፣ ስለዚህ አልከፍልም›› ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለወንበር ሳይሆን ለሰው ነው የሚከፍለው። የባለሙያውን ካርድ ጣልኩና ቤቱን እድር አደረግኩት።

በወር አንድ እሁድ ሁላችንም እንሰበሰባለን። እያንዳንዱ ምን እንደሠራና ምን እንዳቃተው ይናገራል፤ መዋጮውን ያስቀምጣል። ማሽኑ የተበላሸበት ካለ ሌሎቹ ተራ ገብተው ያውሱታል። የታመመ ወይም የወለደች ካለች የጀመረችውን ሥራ ሌላው ጨርሶ ያደርስላታል። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ስሙንም ‹‹የሥራ እድር›› አልኩት። ከዚያ ወዲህ መዋጮ ሳይሰጥ የቀረ የለም፤ ሥራ የጠፋበት ወር እንኳ መጥቶ ከፍሎ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ደግሞ አጠገቡ ካለው ሰው ሥራ ይገኛል። ከእኔ በኋላ ተከፍተው በሰዓት ያስከፈሉት ሁለት ቤቶች መስታወትና ሶፋ ነበራቸው። የት አሉ?

ስሙን ሲሰማ ግን ሰብሳቢው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። በሩ ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብል አልገቡም።

‹‹እድር የሞት ነው›› አለ።

‹‹በቁም ያለስ ሰው እድር አያስፈልገውም?››

‹‹በስሙ አትቀልድ! ሰው የማይቀብር እድር የለም። እነዚህ ናቸው የሚቀብሩት?›› ከትከሻዬ በላይ ወደ ውስጥ ጠቆመ። ‹‹ኮምፒውተር የለመደ እጅ አካፋ ሊይዝ?››

‹‹ይለምዳል።››

‹‹እንግዲህ ስማ። ኮሚቴው ወስኗል። ወይ ቤቱን ለድንኳኑ ትመልሳለህ፣ ወይ ከእድሩ ትሰረዛለህ። ያኔ ማን እንደሚቀብርህ እናያለን።››

ይህን ለሽማግሌ መናገር ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ። ከዚያ መኪና ላይ የወረዱትን አንድ በአንድ ተሸክሜያለሁ፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ደግሞ እነሱ እንደሚሸከሙኝ አውቅ ነበር። ይህን ነው ‹‹ስጠን›› ያሉኝ። ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ተርጓሚዋ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ትጽፋለች፤ ምንም አልሰማችም። ንድፍ ሠሪው ሰምቷል፤ እርሳሱን ይዞ ቀርቷል።

‹‹ሰርዙኝ›› አልኩ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ እጇን እንኳ አላቆመችም።

‹‹እሰይ! ጀግናዬ!›› አለች። ‹‹እኔ የሴቶች እድር አለኝ፤ በክብር እቀበራለሁ። አንተን ኮምፒውተሮችህ ያልቅሱልህ።››

‹‹ልጆቹ ይቀብሩኛል።››

‹‹ይቀብሩሃል፤ መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ እንዴት እንደሚቀበር ካዩ በኋላ።››

መንገድ ላይ የማውቃቸው ሰዎች በዓይናቸው ያዝኑልኝ ጀመር። ‹‹ይቅርታ በል›› ያሉኝም አሉ። እኔ በሩን ከወትሮው ቀደም አድርጌ መክፈት ጀመርኩ።

ክረምቱ አልፎ የንድፍ ሠሪው እናት ሆስፒታል ውስጥ ማለዳ ላይ አረፉ። ልጁ አሶሳ ውስጥ ዘመድ የለውም፤ እድርም አልገባም፤ የእኛ ቤት አባል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ለእኔ ሳይነግረኝ ወደ ሰብሳቢው ሄዶ ድንኳን ለመነ። ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ።

‹‹ምን አለህ?››

‹‹‘የሽማግሌው አባል አይደለህም እንዴ? እድር አለኝ ብሏል፤ እሱን ጠይቅ’ አለኝ።››

ሁሉም ሥራቸውን አቁመው እኔን አዩኝ። ልቤ ደንግጧል፤ ፊቴ ግን አልደነገጠም። ያን ዕለት ሴትዮዋን በወጉ ካልቀበርን ሰብሳቢው ልክ ነው፤ ቤቱም የልጆች መጫወቻ ነው፤ እኔም ያለ ቀባሪ የቀረሁ ሞኝ ነኝ።

‹‹ጠይቀኸኛል፤ አለን›› አልኩት። ምን እንዳለን ግን ገና አላወቅኩም።

ያወቀችው ተርጓሚዋ ናት። ስልኳን አንሥታ በበርታ ቋንቋ ረጅም ወሬ አወራች። ከሸርቆሌ መንገድ የሚመጣው ሚኒባስ ሲደርስ ጣሪያው ላይ ቀርከሃ ተጭኗል፤ ውስጡ ደግሞ ወንድሞቿና የአጎቶቿ ልጆች ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ወርዶ ‹‹ሰላም አለይኩም›› ብሎ ጨበጠኝ።

‹‹ያ ሼክ፣ አባታችን፣ እማማ ጥሩ ሰው ነበረ አሉ። ቦታው የት ነው?››

‹‹ድንኳን የለንም›› አልኩት።

‹‹ድንኳን ምን ያደርጋል? ቀርከሃ አለ፣ ሰው አለ።›› እሱ ይህን ሲል የቀሩት መቁረጥ ጀምረዋል። ቀትር ሳያልፍ ንድፍ ሠሪው ደጃፍ ላይ ዳስ ቆመ። የማንጎ ነጋዴዎች ሸራ አዋሱን። ወንበሮቹን ከቤቴ ተሸከምናቸው፤ የተቀመጥንበትን ሁሉ፣ የሚሽከረከሩትን ጭምር። ለቀስተኛ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ሲቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ አንድ አዛውንት ሁለቴ ወደ ግድግዳ ዞሩብን።

መቃብሩን የቆፈሩት የእኔ ቤት ልጆች ናቸው። ማስታወቂያ የሚሠራ አንድ ልጅ ጥቂት ቆፍሮ መዳፉን አሳየኝ።

‹‹ጋሼ፣ ይሄ መሬት ድንጋይ ነው።››

‹‹ድንጋይ መሆኑን እኛም እናያለን፤ ቆፍር!››

ዶማውን ራሴ ይዤ አሳየኋቸው። ሦስት ጊዜ ሳልመታ ነጠቁኝ፤ እንጂ ብቻዬን እጨርሰው ነበር። ባለቤቴ ደግሞ የሴቶች እድሯን በሙሉ ከነድስታቸው አስከትላ መጣች። ዓይኔን ስታይ ‹‹ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ለሟቿ ነው›› አለችኝ። እኔም ለእኔ ነው አላልኩም።

ቄስ ፈትተዋቸው፣ አፈር ለብሰው፣ ሴትዮዋ በወጉ ተቀበሩ። ሙስሊሞቹ የበርታ ልጆች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው ጠበቁን፤ ስንወጣ ንድፍ ሠሪውን በሁለት ወገን ደግፈው ወደ ዳሱ ይዘውት ሄዱ።

በሠልስቱ ሰብሳቢው መጣ። ለቅሶ የማይደርስ ሰው አይደለም፤ ይህን አልክድበትም። ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠና ሰዉ ጋብ እስኪል ጠበቀ።

‹‹ዳሱ ጥሩ ነው›› አለ በቀስታ።

‹‹ከድንኳን ይሻላል፤ ነፋስ ያስገባል።››

‹‹ጉድጓዱን አይቼዋለሁ። ጠርዙ ጠማማ ነበር።››

‹‹የገቡበት ሴትዮ አላማረሩም።››

ሊስቅ ሲል ለቅሶ መሆኑ ትዝ አለው። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዙሮ አዙሮ ‹‹ኮሚቴው ተነጋግሯል›› አለ። ‹‹ሙሉውን አንልህም። ግማሹን ቤት ልቀቅ። ድንኳኑ ይግባ፤ አንተም ትመለሳለህ።››

‹‹ግማሹ ተርጓሚዋ የምትቀመጥበት ነው።››

‹‹ትጠጋጋ።››

‹‹አትጠጋጋም።››

‹‹ስማኝ እንጂ!›› ድምፁን ከፍ አደረገና መልሶ ዝቅ አደረገው። ‹‹እነዚህ ልጆች ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ሥራ ሲገኝላቸው ሻንጣቸውን ይዘው ውልቅ ነው። እኔና አንተ ግን እዚሁ ነን። አብሮኝ መኪና ላይ የመጣ ሰው በባዳ እጅ ይቀበር?››

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ነካኝ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት የራሱን ልጅ የቀበርን ዕለት ብቻ ነው። ልጆቹ እንደሚሄዱም አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ እንዲሄዱ ነው መብራት የሳብኩላቸው። ዳሱን አየሁ። ማሰሪያውን ያሰሩት የተርጓሚዋ ወንድሞች ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጠዋል፤ እናትየውን በሕይወት አይተዋቸው እንኳ አያውቁም።

‹‹ከመኪናው ላይ ስንወርድ›› አልኩት፣ ‹‹ለዚህ አገር ባዳው ማን ነበር?››

ባርኔጣውን አደረገ። ሲነሳ ትከሻዬን ይዞ ነው የተነሳው። ‹‹እልኸኛ ነህ›› አለኝ።

‹‹ነኝ።››

እስከ ዛሬ ወደ እድራቸው አልተመለስኩም። ድንኳኑ ማንጎው ሥር ቤት ተሠርቶለታል፤ እሰየው። ሰብሳቢው ያለው ደግሞ ደርሷል፤ ማስታወቂያ ሠሪው ሄደ፣ ሌሎችም ሄዱ። ወንበራቸው ግን ባዶ አልዋለም፤ ከፓዌ የመጣ አንድ የእርሻ ባለሙያ ገባ፣ ሒሳብ የምትሠራ ልጅ ገባች። ንድፍ ሠሪው እዚሁ ነው፤ እናቱ ያሉበትን አገር ትቶ አይሄድም። ተርጓሚዋ አሁን የሥራ እድራችን ሰብሳቢ ናት። አንድ እሁድ ላይ ‹‹አባ፣ አንተ ስትሞት ዳሱን ማን እንደሚሠራ ተነጋግረናል፤ አትጨነቅ›› አለችኝ። ሁሉም ሰው ፊት ነው የተናገረችው። ‹‹ጉድጓዱን ጠርዙን ቀጥ አድርጉት፤ የሚያይ አለ›› አልኳት።

በቅርቡ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ጥጌ ላይ ተቀምጬ ባትሪ ስፈትሽ ጠንከር አድርጎ አሳለኝ። የቁልፍ ሰሌዳው ድምፅ በአንድ ጊዜ ቆመ። ቀና ብል ቤቱ ሙሉ ሰው ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አንሥቶ እኔን ያያል፤ ንድፍ ሠሪውም ከወንበሩ ግማሽ ተነስቷል።

‹‹ገና ነኝ!›› አልኳቸው። ‹‹ሥራችሁን ሥሩ!››